አባዬ እና የላይኛው ክፍል በር

ነገሩ የተጀመረው አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው አባዬ ሁልጊዜ የሚሰማው የሬዲዮ ፕሮግራም ሊጀምር ሲል መብራት ስለጠፋ ነው። ሬዲዮው ዝም ሲል ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚያወጣ ነገር የእኔ ላፕቶፕ ብቻ ሆነ። አባዬ ከአልጋው ላይ አንገቱን አስረዝሞ፣

«ምንድን ነው እሱ የሚነፍሰው?» አለኝ።

«በረዶ ነው አባዬ። ጨዋታው ውስጥ ነው።»

«እኔ ተኝቼ ኮልፌ ላይ በረዶ አስገባሽብን?»

ጨዋታውን በፍላሽ የሰጠችኝ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ናት። ተኩስ የለበትም፣ ሩጫ የለበትም። በማውዝ ነገሮችን መንካት ብቻ ነው። መሳቢያ ስትነኪ ይከፈታል፣ ገመድ ስትነኪ ቦርሳሽ ውስጥ ይገባል፣ ሰው ስትነኪ ያናግርሻል። ከዚያ የትኛው ዕቃ ለየትኛው ችግር እንደሚሆን ቁጭ ብሎ ማሰብ ነው። እኔ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት እያፈርኩ አንድ ፌርማታ አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ። ማንም የማያጣድፈኝ፣ ማንም ድምፄን የማይጠብቅበት ጨዋታ ለእኔ የተሠራ ነው የሚመስለኝ።

አባዬ አልጋ ላይ የዋለው እግሩ ተሰብሮ ነው። ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ክረምት ሳይገባ የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ልምታ ብሎ መሰላል ላይ ወጣ። ሚስማሩን የገዛው ከግቢያችን ፊት ለፊት ካለው የሃጂ ሱቅ ነው። ሃጂ እኩያውና የድሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም ይሸጣሉ። ሚስማሩን በጋዜጣ እየጠቀለሉ «ሰው ጥራ። ይሄ የወጣት ሥራ ነው» አሉት። አባዬ ደግሞ «አንተ ሚስማርህን ሽጥ» አላቸው። ከምሳ በኋላ ወደቀ። ከመሬት ደግፈው ያነሱትም ሃጂ ነበሩ።

አሁን ጄሶው ተፈቷል፣ አጥንቱም ገጥሟል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ግን ኮስተር ብላ ነው የነገረችው። በየቀኑ ከቤት ወጥቶ ካልተራመደ ጉልበቱ ይደርቃል፣ ከደረቀ በኋላ ማላላት ደግሞ ከባድ ነው። አባዬ እሺ እሺ አላት። ቤት ከገባ በኋላ ግን ክራንቹን ይዞ ከአልጋው እስከ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት እስከ አልጋው ሆነ። ከግቢ መውጣት የለም። ምክንያቱን ባይናገርም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከግቢያችን የወጣ ሰው የሃጂን ሱቅ ሳያልፍ የትም አይደርስም።

ሃጂ ሊጠይቁት ሲመጡ አባዬ ድምፃቸውን ከውጭ በር ይሰማና ብርድ ልብሱን ስቦ ይተኛል።

«ዛሬም ተኝቷል?»

«አሁን ነው ያሸለበው» ትላለች እማዬ ወለሉን እያየች።

«ይተኛ፣ ይተኛ። ሲነሳ ሚስማር ቢያስፈልገው አለ በዪው።»

ያን ጊዜ ከብርድ ልብሱ ጫፍ የወጡት የአባዬ እግር ጣቶች ሲኮማተሩ አያለሁ።

እማዬ ተነስ ብላው ደክሟታል። እኔ ደግሞ አባዬን ተነስ ማለት አይሆንልኝም፤ እንኳን እሱን፣ ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሰውንም ተነስ ብዬ አላውቅም።

ያን ቅዳሜ ግን ሬዲዮው ስለጠፋበት ላፕቶፑን አልጋው ላይ አስጠግቼ አሳየሁት። እንግሊዝኛው ሲፈጥንበት እየተረጎምኩ ነገርኩት። አንድ ወጣት መንገደኛ የጠፋ አጎቱን ፍለጋ በበረዶ ከባቡር ይወርዳል። አጎትየው ሸክላ ሠሪ ነበር፤ መጨረሻ የታየው ተራራ ላይ ባለች አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው። ፎቅ ላይ የአጎትየው ክፍል አለ፣ በሩ ግን ተቆልፏል። ቁልፍ የለውም። ሦስት የሚሽከረከሩ ክቦች አሉት፣ ክቦቹ ላይ ብዙ ትንንሽ ሥዕሎች አሉ። ሦስቱ ትክክለኛ ሥዕሎች ሲገጣጠሙ ይከፈታል።

ምድር ቤት አንዲት አሮጊት ባለቤት እሳት ትሞቃለች። ከበረዶው ስንገባ ዞር ብላ «ሾርባ ላቅርብልህ?» አለች። ከታች ሁለት መልስ ተጽፏል፤ «አዎ፣ እባክዎ» እና «አይ፣ አመሰግናለሁ»። አባዬን አላማከርኩትም። እጄ ራሱ ሄዶ «አይ፣ አመሰግናለሁ» የሚለውን ነካ።

«ደግ አደረግሽ። ገና ከበር ሳንገባ» አለ አባዬ።

ሴትየዋ «እንደፈለግህ» ብላ ወደ እሳቷ ዞረች።

ጠበቅን።

«አሁን ትደግማለች» አለ አባዬ።

አልደገመችም።

«ምን ዓይነት ሴት ናት? አንዴ ብላ ዝም?»

«ፈረንጅ ናት አባዬ።»

«ብትሆንስ? ሰው በበረዶ ገብቶባት። ለወጉ ነው የጠየቀችን እንጂ ብትፈልግ ኖሮ ትጎትተን ነበር።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሴትየዋን ጠመዳት። ወጥተን በገባን ቁጥር አንዴ ትጠይቃለች፣ እኛም በኩራት «አይ፣ አመሰግናለሁ» እንላለን፣ እሷም ጀርባዋን ትሰጠናለች።

ሲመሽ በሩ እንደተዘጋ ነበር። አባዬ ትራሱ ላይ ተደግፎ ሳቀብኝ።

«ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተምረሽ አንዲት በር አቃተሽ?»

«አንተስ ከበር መውጣት አቅቶህ የለ?»

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ። እማዬ ራት ይዛ በሩ ላይ ነበረች፣ እዚያው ቆማ ቀረች። አባዬ ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«እንወራረድ» አለ። «ያንን በር የከፈትሽ ዕለት፣ በማግስቱ ጠዋት እኔም ይሄን በር ከፍቼ እወጣለሁ። ኢንተርኔት ላይ መልሱን ካየሽ ግን ውል ፈርሷል።»

እማዬ ከኋላው ሆና በዓይኗ «እሺ በዪ» አለችኝ። እሺ አልኩ።

እንዲህ ሆኖ የአባዬ ጉልበት አንድ ጨዋታ ላይ ተንጠለጠለ።

ከሥራ መልስ ጫማዬን ሳላወልቅ ላፕቶፑን እከፍታለሁ። ቦርሳችን ውስጥ ገመድ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ የዓሣ መንጠቆ፣ ጨርቁ የተቀደደ ጃንጥላ እና ከአይጥ ወጥመድ ላይ የወሰድነው ቁራሽ አይብ አለ። ሁሉንም ዕቃ በሁሉም ነገር ላይ ሞከርን። ገመዱን በድመቷ፣ አይቡን በሰዓቱ፣ ጃንጥላውን በጭስ ማውጫው። መንገደኛው የማይሆን ነገር ስንሞክር ትከሻውን ነቅንቆ «ይሄ አይሆንም» ይላል። ቃሉን ከተረጎምኩለት ወዲህ አባዬ የራሱ አደረገው። እማዬ «ትንሽ በረንዳ ላይ እንኳ ብትወጣ» ስትለው ልክ እንደ መንገደኛው ትከሻውን ነቅንቆ «ይሄ አይሆንም» ይላታል።

ምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ የአጎትየው ሥዕል ተሰቅሏል። ባዶ ጎድጓዳ ሳህን ገልብጦ ይዞ ይስቃል። ሥዕሉን ወደ ግራ አዘነበልነው፣ ወደ ቀኝ አዘነበልነው፣ ክፈፉን በመንጠቆው ለመፈልቀቅ ሞከርን።

«ምን ያስቀዋል ይሄን?» አልኩ።

«እሱንም አንዴ ብቻ ጠይቃው ይሆናላ» አለ አባዬ። «ሳህኑን ገልብጦ ባዶ ነው እያላት ነው።»

አንድ እሑድ ደግሞ ለምን ክቦቹን በየተራ እያዞርን ሁሉንም አንሞክርም አለኝ። በሺዎች የሚቆጠር አማራጭ እንዳለው አስረዳሁት። «ሥራ ፈት አይደለሁ?» አለ። እኔ ክቡን አዞራለሁ፣ እሱ የፌርማታ ስም እንደሚጠራ ሰው ሥዕሎቹን ይጠራል፤ ወፍ፣ ወፍ፣ ጽጌረዳ፤ ወፍ፣ ወፍ፣ መርከብ። ሁለተኛውን ወፍ ሳንጨርስ የላፕቶፑ ባትሪ አለቀ። መብራቱ ያን ዕለትም አልነበረም። ሲመጣ ከየት እንደምንቀጥል ለሁለታችንም ጠፍቶን ነበር።

ጥሩ ጎን አልነበረውም ማለት አልችልም። አባዬ ቀን ቀን መተኛት ትቶ ቁጭ ብሎ ማሰብ ጀመረ። ቢሮ እያለሁ ይደውላል።

«የጃንጥላውን ብረት በቁልፉ ቀዳዳ ብንሰድስ?»

«የቁልፍ ቀዳዳ የለውም አባዬ» እላለሁ እያንሾካሾክሁ።

«እንግዲያው መስኮቱን እንስበረው።»

«አይሰበርም፣ ሞክረነዋል።»

ጎኔ የምትቀመጠው ሴት ቤታችን ተቆልፎብን ውጭ የምናድር ሳይመስላት አልቀረም። የቁልፍ ሠሪ ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። እውነቱን ከማስረዳት አመስግኖ መቀበል ይቀል ነበር።

ወደ ፊዚዮቴራፒ ስንመለስ ግን ባለሙያዋ ጉልበቱን ይዛ ልታጥፈው ሞከረች። ቀድሞ ይደርስበት ከነበረው አልደረሰም። አልተቆጣችም። «ከቤት እየወጡ ነው?» ብላ ጠየቀችው፣ እሱም ጣሪያውን አየ። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲው ሃጂ ሱቅ አጠገብ ሊያወርደን ሲል «ዝለቅ፣ በር ላይ አድርሰን» አለው፤ በሩ እኮ ከሱቁ ፊት ለፊት ነው። አንገቱን ደፍቶ በክራንቹ ሁለት ሦስቴ ተወርውሮ ገባ።

በማግስቱ ቢሮ የጨዋታውን ስም ስልኬ ላይ ጻፍኩ። መልሱ አንድ ጣት ብቻ ነበር የቀረው። አጠፋሁት። ሕሊናዬ ጠንካራ ስለሆነ አይደለም። አባዬ «እንዴት አወቅሽው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ እኔ ደግሞ ስዋሽ ጆሮዬ ይቀላል።

እንቆቅልሹ የተፈታው አንድ ቅዳሜ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው።

እማዬ እንደ ሁልጊዜው ምስር ወጥ በትሪ ይዛ ገባች። አባዬ እንደ ሁልጊዜው ሳያያት «አልራበኝም» አለ። ይሄ በቤታችን የምሳ መጀመሪያ እንጂ እምቢታ አይደለም። ቀጥሎ እማዬ «ትንሽ ቅመስ» ትላለች፣ እሱ «ተዪኝ» ይላል፣ እሷ «በሞቴ» ትላለች፣ እሱ «እንግዲህ በሞቴ ካልሽ» ብሎ ትሪውን ያጸዳዋል። እግሩ ከተሰበረ ወዲህ በየቀኑ እንዲሁ ነው።

ያን ቀን እማዬ «እሺ» አለች። ትሪውን ይዛ ወጣች።

አባዬ እጁን ገና ለመታጠብ ዘርግቶ ነበር። የተዘረጋ እጁን አየ፣ በሩን አየ፣ እኔን አየኝ።

«ምን ሆነች?»

ከበረንዳው የእማዬ ድምፅ መጣ። «ምንም አልሆንኩም። ሦስት ሦስቴ መለመን ሰለቸኝ። የራበው ሰው ክራንች አለው፣ ማድ ቤቱም አልራቀም።»

ቀጥሎ እዚያው በረንዳው ላይ ተቀምጣ መብላት ጀመረች። አባዬ እንዲያ ግራ ሲጋባ አይቼው አላውቅም። ልቤ ቢራራለትም ሳቄ መጣ፤ እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ላፕቶፑ አዞርኩ። ስክሪኑ ላይ ያቺ አሮጊት ጀርባዋን ሰጥታን እሳቷን ትሞቃለች። ከጀርባዋ በላይ አጎትየው ሳህኑን ገልብጦ ይስቃል።

ድንገት አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም፤ የጠፋ ስም ምላስ ላይ ሲመጣ የሚሰማው ዓይነት ነው፣ ግን መላ ሰውነትን ነው የሚይዘው። እስካሁን የሞከርነውን ሁሉ አሰብኩ። ድመቷን በገመድ ለማሰር ሞክረናል። ሰዓት አይብ ለማብላት ሞክረናል። «አዎ፣ እባክዎ» የሚለውን ግን አንድ ቀን ነክተነው አናውቅም። የሴትየዋ ግብዣ የእንቆቅልሹ አካል ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ የጨዋ ልጅ ወግ ነበር የመሰለኝ።

«አባዬ» አልኩ። «ይቺ ሴት መቼም አትለምነንም።»

«ማናት? እናትሽ?»

«ሁለቱም።»

መንገደኛውን ወደ በረዶው አስወጥቼ መልሼ አስገባሁት። ሴትየዋ ዞረች። «ሾርባ ላቅርብልህ?»

ቀስቱን «አዎ፣ እባክዎ» ላይ አሳረፍኩ። እውነቴን ነው፣ ፊቴ ጋለ። የሰው ቤት ገብቼ በመጀመሪያው ግብዣ እሺ ብዬ አላውቅም። ሰርግ ቤት እንኳ እምቢ ስል ምግቡ አልቆብኝ ያውቃል።

«የምን ሾርባ ነው?» አለ አባዬ።

«አይልም።»

«ጾም አይደለም ዛሬ። ንኪው።»

ነካሁት። ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ከእሳቱ ላይ ጨልፋ የሚያጨስ ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን አቀረበችልን፤ አጎትየው ሥዕሉ ላይ የያዘው ሳህን ራሱ ነው። ሳህኑ ስክሪኑን ሞላው። ስነካው አንድ ማንኪያ ይጎድላል፣ ደግሜ ስነካው ደግሞ ይጎድላል። ግርጌው ላይ ትንሽ ሲቀረው አቆምኩ።

«ለምን አቆምሽ?»

«ትንሽ መተው አለብን ብዬ። ሳህን የምንልስ እንዳንመስላት።»

አባዬ በጣም ተገቢ ነገር እንደተናገርኩ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። በሩ ላይ ግን እማዬ እጇን እንደበላችበት ይዛ ቆማ ታየን ነበር።

«ጨርሱላት እንጂ» አለች። «እኔ እኮ ስትተዉብኝ አልጣፈጣቸውም ብዬ ነው የምከፋው።»

አባዬና እኔ ተያየን። ስንት ዓመት ትንሽ ትንሽ ስንተውላት እንደኖርን እያሰብኩ የቀረውን ነካሁ። ሾርባው አለቀ። ሳህኑ ግርጌ ላይ በሰማያዊ ቀለም ሦስት ትንንሽ ሥዕሎች ጎን ለጎን ተሥለዋል። ዓሣ፣ ጨረቃ፣ አጋዘን።

ደረጃውን ወጣሁ። ክቦቹን አዞርኩ፤ አባዬ በፌርማታ ድምፁ፣ ግን በቀስታ፣ «ዓሣ፣ ጨረቃ፣ አጋዘን» ብሎ ጠራልኝ። ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። እስካሁን በሕይወቴ ብዙ ውጤት ተለጥፎልኛል፣ ጋዋንም ለብሼ ፎቶ ተነስቻለሁ፤ እንደዚያች ጠቅታ ደስ ያለኝ ነገር ግን ትዝ አይለኝም። በሩ ተከፈተ። ውስጡ ጠባብ ኮሪደር ነው። መጨረሻው ላይ ሌላ በር አለ።

«አሁንም በር?» አለ አባዬ።

«ውርርዱ በመጀመሪያው በር ነው» አለች እማዬ።

አባዬ አልተከራከረም። ጉልበቱን አሸ። ከዚያ ክራንቹን ከግድግዳው ላይ አነሳ፣ እስከ በረንዳው ሄደ፣ ትሪው ፊት ተቀመጠ። እማዬ እንጀራ ጨመረችለት። ትሪው ላይ ምንም አልተረፈም።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት አባዬ እንደሚያመው፣ እንቅልፍ እንዳልወሰደው፣ ብርድ እንዳለ አንድ በአንድ ነገረን። እማዬ ጋቢውን አለበሰችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ የውጭውን በር ከፍቼ ይዤ ቆምኩ። ተነስ አላልኩትም። በሩን ብቻ ይዤ ቆምኩ፣ አየር እየገባ፣ መንገደኛ እያየኝ፣ እያፈርኩ። በመጨረሻ በክራንቹ ኳ ኳ እያለ መጣና አጠገቤ አልፎ ወጣ።

ሃጂ ሱቃቸውን ከፍተው ደጁን እየጠረጉ ነበር። ቀና ብለው አዩት። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ተነሳህ?»

«ተነሳሁ።»

«ሰው ጥራ ብዬህ ነበር።»

እንግዲህ ይሄ ነው አባዬ ስንት ጊዜ በብርድ ልብስ የሸሸው ቃል። አባዬ መሬቱን አየ፣ ሱቁን አየ፣ ከደጁ የተደረደሩትን የሚስማር ጣሳዎች አየ።

«ሚስማርህ ነው የጣለኝ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ገና ስመታው ተጣመመ። እሱን ላቃና ስል ነው።»

«ሃያ ዓመት የምሸጠው ሚስማር አንተ ላይ ተጣመመ?» ሃጂ ወደ እኔ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ አባትሽ እግሩን ነው የተሰበረው ወይስ ጭንቅላቱንም ነው?»

«እኔ አላውቅም ሃጂ» አልኩ። «እርስዎ ነዎት ያነሱት።»

ሃጂ በሳቅ ፈነዱ። አባዬ ግን ገና መጀመሩ ነበር። እንዴት እንደቆመ፣ መዶሻውን እንዴት እንደያዘ፣ ሚስማሩ ወዴት እንደዞረ ማሳየት ፈለገ። ለማሳየት ደግሞ ሁለት እጅ ያስፈልገዋል። ክራንቹን ሳያየኝ ዘረጋልኝ፣ እኔም ተቀበልኩት። መዶሻ የያዘ መስሎ ክንዱን ወደ ላይ ሰቀለ፣ ሃጂም ጣሳውን አምጥተው አንድ ሚስማር መዘዙና ለፀሐይ አሳዩት። ክርክሩ ቀጠለ። እኔ ክራንቹን ደረቴ ላይ አቅፌ ትንሽ ራቅ አልኩ። ጉልበቱ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ይዞታል። በሁለቱም እግሩ እንደቆመ አልነገርኩትም።